በግቢያችን ላይ የተሰመረው መንገድ

ለምወድሽ እናቴ፣ ባለሽበት ሰላምና ጤና ይብዛልሽ።

ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? የእህቴን ደረጃ ስትወጪ አሁንም ግድግዳ ትደገፊያለሽ ወይስ ቀለል ብሎሻል? መነጽርሽንስ አስቀየርሽው? «ደህና ነኝ» ብለሽ እንዳታልፊኝ። ያንቺን «ደህና ነኝ» አውቀዋለሁ፤ ሲያምሽም ሲሻልሽም ያው አንድ ነው። እህቴንና ባሏን ሰላም በይልኝ፤ ያንን ትንሽ ጉድ ደግሞ ግንባሩን ሳሚልኝ። ፎቶውን ሳይ ማመን አቃተኝ። አራስ ልትጠይቂ ሄደሽ ያቀፍሽው ልጅ ዛሬ በር ከፍቶ ይወጣል አሉ። እኔ ከጉንፋን በቀር የሚወራ ነገር የለብኝም። አባዬም ደህና ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ።

ይህን ሁሉ በስልክ ያልነገርኩሽ ለምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። እህቴ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ ታደርገዋለች፤ ከአንቺ ጋር ያወራሁ እየመሰለኝ ከቤተሰቡ ሁሉ ጋር ሳወራ እገኛለሁ። ባለፈው የደም ግፊትሽን ስጠይቅሽ የመለሰልኝ ባሏ ነበር። ስለዚህ በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው። ለብቻሽ ሆነሽ አንብቢው።

ነገሩ የመጣው ከሥራዬ ነው። እንደምታውቂው በክልሉ ኢነርጂ ቢሮ ውስጥ የኔ ድርሻ ሕዝብ ማነጋገር ነው። ቢሮው የፀሐይ ወይም የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሊተክል ሲያስብ፣ ከመትከሉ በፊት ሰዉን እሰበስባለሁ፣ ማይክሮፎን አዞራለሁ፣ የተባለውን ሁሉ እጽፋለሁ። ባልደረቦቼ «የሐሜት ክፍል ኃላፊ» ይሉኛል። ዘንድሮ ተራው የኛው ከተማ ሆነና ከበላያችን ያለው ኮረብታ ለነፋስ ተርባይን ተመረጠ። ስለዚያ ነፋስ ላንቺ ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ያሰጣሽውን አንሶላ ከጎረቤት አጥር ላይ ስትለቅሚ የኖርሽ አንቺ ነሽ።

ተርባይኑ ራሱ ማንንም አይነካም፤ የሚቆመው ድንጋይና ቁጥቋጦ ብቻ ባለበት ነው። ጣጣው መንገዱ ነው። የተርባይኑ አንድ ክንፍ ከኛ በር ቢጋደም ዳቦ ቤቱን አልፎ ይሄዳል፤ አይታጠፍ፣ አይቆረጥ። እሱን የጫነ መኪና ወደ ኮረብታው ሲዞር ሰፊ መታጠፊያ ይፈልጋል። መሐንዲሶቹ መስመሩን ሲስሉ ያ መታጠፊያ የት ያረፈ ይመስልሻል? በግቢያችን የምሥራቅ ጥግ ላይ። የስፌት መኪናሽ ያለበት፣ ጠዋት ፀሐይ የሚገባበት ክፍል ላይ። ማለቴ፣ ፀሐይ ይገባበት የነበረው።

ፕላኑን ያየሁት እንደማንኛውም ሠራተኛ ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነው። ቀዩን መስመር በጣቴ ስከተል ስከተል ቤቴ ደረስኩ። ከጎኑ ደግሞ በትንንሽ ፊደል ምን እንደተጻፈ ልንገርሽ፤ ከክፍልሽ ጎን ያለውን የአባዬን ብየዳ ቤት «የንግድ ቦታ» ብለውታል፣ ያንቺን ክፍል «ባዶ ክፍል»። ለዚህ ነው መስመሩ ወደ አንቺ ያጋደለው። የንግድ ቦታ ማፍረስ ብዙ ካሳ ያስከፍላል፤ ባዶ ክፍል ግን ባዶ ነው። የከተማውን ልጆች ዩኒፎርም ሁሉ የሰፋሽበት ክፍል እኮ ነው፣ እማዬ።

ወዲያው ወደ ኃላፊዬ ሄጄ «ይህ የእናቴ ክፍል ነው» አልኩት። ኃላፊዬ ረጋ ያለ ሰው ነው፤ ሲናደድ እንኳ ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ዓይነት። «እንግዲያው ስብሰባውን ሌላ ሰው ይምራው» አለኝ። ሌላ ሰው ግን አልነበረም፤ አንዷ ባልደረባዬ ታማለች፣ ሌላው ሥራ ለቋል። በመጨረሻ እንዲህ ብሎ ፈረደ፦ ስብሰባውን እኔ እመራለሁ፤ ስለ መታጠፊያው ግን ቃል አልተነፍስም፤ እሱን የሚመለከተውን ሪፖርት ራሱ ይጽፈዋል። ልክ ነው። በሱ ቦታ ብሆን እኔም ሌላ አልልም ነበር። ግን ለሰው ሁሉ «ሐሳባችሁን ተናገሩ» እያልኩ እየዞርኩ የራሴን ውጬ መቀመጥ ከብዶኝ ነበር።

አባዬ ከሌላ ሰው አፍ እንዳይሰማው ብዬ ፕላኑን ይዤ ቤት ሄድኩ። የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋሁለት። ጓንቱን አወለቀ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ባዶ ያለው ማነው?» አለኝ። «ቤት ለቤት የዞሩት መዝጋቢዎች ናቸው፤ ሲመጡ ክፍሉ ተቆልፎ አገኙት» አልኩት። ጓንቱን አጥልቆ ወጣ፤ ትንሽ ቆይቶ የብረት መፍጫው ጩኸት ተሰማ። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰው አባዬን ሳያይ አልተረተውም። እንድከራከርለት አልጠየቀኝም። ባይጠይቀኝ ደስ አለኝ፣ ባይጠይቀኝም ተናደድኩ፤ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይሆናል አይደል?

የብየዳ ቤቱን ነገር ማንሳት እንደማትወጂ አውቃለሁ፤ ግን ካላነሳሁት ወሬዬ አይሄድልኝም። መጀመሪያ የአትክልት ቦታሽን ወሰደ። ቀጥሎ ቆርቆሮው እየተቀጠለ መስኮትሽ ድረስ መጣ። ክፍልሽ በቀን መብራት የሚበራበት ሆነ፤ የሰፋሽው ሁሉ የብረት ብናኝ ይጠጣ ጀመር። የነጋዴዋን ሴት ነጭ ቀሚስ ያበላሸው ፍንጣሪ ትዝ ይልሻል? ስትነግሪው «ትንሽ ታገሺኝ፣ ሥራው ሲቀዘቅዝ አነሳዋለሁ» ይልሽ ነበር። ሥራው አልቀዘቀዘም። ከዚያ እህቴ ወለደች፣ አንቺም ሻንጣሽን ይዘሽ አራስ ልትጠይቂ ሄድሽ። ተጣልተናል ያለ ሰው የለም። የጠየቀኝን ሁሉ «አራስ ልትጠይቅ ሄዳ ነው» እላለሁ። አራሷ ወደ ሥራዋ ከተመለሰች ቆየች፤ እኔ ግን ሌላ የምለው ስላጣሁ ያንኑ እላለሁ።

የስብሰባው ቀን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰብን። ወንበሮቹ የልጆች ስለሆኑ የከተማው ሽማግሌዎች ሁሉ ጉልበታቸው ደረታቸው ላይ ደርሶ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊት ወንዶች ሞልተዋል፤ ሴቶቹ ከኋላ፣ ጥቂት ናቸው። ሰው በነፃነት እንዲናገር ስም አንጠይቅም፤ ሙያና ሰፈር ይበቃል። ኃላፊዬ ፕላኑን አስረዳ። ጥያቄ ስንል የተለመደው መጣ። አንዱ፣ ክንፉ ዝናብ ያባርራል ወይ አለ። ሌላው ካሳው መቼ ነው አለ። አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ስለ ነፋስ አመጣጥ ረጅም ነገር ጀምረው፣ በልጅነቴ ክፍል ውስጥ አደርገው እንደነበረው በትዕግሥት ጠበቅኳቸው።

ከዚያ ከበሩ አጠገብ አንድ እጅ ተነሳ። አባዬ ነው። ንጹሕ ጃኬት ለብሶ፣ ጸጉሩን በውኃ አስተኝቶ መጥቷል። በሕዝብ ፊት ተናግሮ እንደማያውቅ ታውቂያለሽ፤ በእህቴ ሠርግ እንኳ ንግግር አድርግ ቢባል «ብሉ ጠጡ» ብሎ ነው የተቀመጠው። ማይክሮፎኑን ላኩለት። የአሠራር ነገር ሆኖ፣ ዕድሜዬን ሙሉ አንተ ስለው የኖርኩትን ሰውዬ «እባክዎ ሙያዎንና ሰፈርዎን ይንገሩን» አልኩት። ከወዲያ ወዲህ ሳቅ ተሰማ። እሱ ፈገግ አላለም።

«በያጅ ነኝ፣ ከታችኛው ሰፈር» አለ። «አመሰግናለሁ፣ ክብርት ሰብሳቢ።»

ከዚያ ማይክሮፎኑን እንደ መበየጃ ዘንግ ጨብጦ ቀጠለ። እንዲህ አለ፣ ቃሉን ራሴ ስለጻፍኩት አልረሳውም፦ «እኔ ነፋሱን አልቃወምም። ይሄ ነፋስ ስንት ጊዜ ጣሪያዬን ወስዶብኛል፤ አሁን ሠርቶ ቢክሰኝ ደስ ይለኛል። መንገዱ በግቢዬ ያልፋል ተብሏል። ይለፍ። እኔን ጠይቃችሁኛል፣ ፈርሜያለሁ። ግን መስመሩ ያረፈበት ክፍል የኔ አይደለም። የክፍሉ ባለቤት ባለቤቴ ናት።»

ኃላፊዬ ግራ ገብቶት «ባለቤቱ ማን ናቸው አሉኝ?» አለ። «ባለቤቴ» አለ አባዬ። «አዎ፣ የክፍሉ ባለቤት ማን ናቸው?» አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ኃላፊዬም ሲገባው ሳቀ። አባዬ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«ባዶ ክፍል ብላችሁ ጽፋችኋል። ባዶ አይደለም። የስፌት መኪናዋ አለ፣ ክሯ አለ፣ ጀምራ የተወችው የመጋረጃ ጨርቅ አለ። እዚህ ወረቀት ላይ ደግሞ ‹የሚመለከታቸው ሁሉ ተጠይቀዋል› ይላል። እሷን ማን ጠየቃት?»

ኃላፊዬ በትሕትና «የት ነው ያሉት?» አለው። እኔ የማውቀውን መልስ ጠበቅኩ፤ አራስ ጥየቃ የሚለውን። አባዬ ግን «ሄዳለች» አለ። ቀጥሎም፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ፣ «እኔም ሳልጠይቃት አንድ ነገር ሠርቼ ነው የሄደችው። እናንተ እንዳትደግሙት ብዬ ነው» አለና ማይክሮፎኑን መልሶ ተቀመጠ።

እማዬ፣ እኔ እስክሪብቶዬን ይዤ ወረቀቴን ነው የማየው። ቀና ብል ምን እንደምሆን አላውቅም ነበር።

ከኋላ በኩል ዳቦ ጋጋሪዋ ጓደኛሽ ተነሳች። ማይክሮፎን አልጠበቀችም፤ እንደምታውቂያት አያስፈልጋትም። «እኔንም የጠየቀኝ የለም» አለች። «ስብሰባ የምትጠሩት ሁልጊዜ እኔ ምድጃ ፊት በምሆንበት ሰዓት ነው። ዛሬም የመጣሁት ሊጤን ጥዬ ነው፤ ይኸኔ ኮምጥጦ አልቋል። መብራት አላችሁ ብንባልም ለኔ ጥቅም የለውም፤ ዳቦው ምድጃ ውስጥ እያለ ይጠፋል። አሁን ደግሞ በኛ ኮረብታ ላይ ተሠርቶ፣ በኛ ራስ ላይ በሽቦ አልፎ፣ ሌላ ከተማ ሊያበራ ነው። እኛ ክንፉ ሲዞር እያየን እንድንዝናና ነው?» ከኋላ ያሉት ሴቶች አንድ በአንድ ተነሱ። የክሊኒኳ ነርስ ስለ መድኃኒት ማቀዝቀዣው ተናገረች። አንዲት እናት፣ ልጆቿ በሞባይል ስልክ ብርሃን እንደሚያጠኑ ነገረችን።

ኃላፊዬን በዚያ ቀን ይበልጥ አከበርኩት። ሊከራከር ይችል ነበር፤ ወረቀቱ ተፈርሟል፣ የበላይ አካል እየጠበቀው ነው። እሱ ግን አቃፊውን ዘጋና «‹ሁሉም› የሚለውን ቃል ከዚህ ላይ መሰረዝ አለብኝ ወይም እውነት ማድረግ አለብኝ» አለ። ሁለተኛው ይሻላል ተባለ። ሌላ ስብሰባ ለሴቶቹ በሚመች ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላ በዳቦ ቤቱ ጓሮ እንዲሆን ተወሰነ። ቤት ኖሯቸው እነሱ ሌላ ቦታ ላሉ ሰዎችም ጥያቄው እንዲላክላቸው።

የሁለተኛውን ስብሰባ ብታይው። ሰዉ ከጓሮው ተርፎ አጥር ላይ ተቀምጧል፤ ወንዶቹም «ወሬው እንዳይቀርብን» ብለው መጡ። የመንገድ መሐንዲሷም ተገኘች፤ ገና ወጣት ናት፣ ጫማዋ ሁልጊዜ ጭቃ የነካው። ዳቦ ጋጋሪዋ «ሌላ መንገድ የለም ወይ?» ስትላት ቱቦ ውስጥ የተጠቀለለ ሌላ ንድፍ አወጣች። መጀመሪያ የሠራችው ነው አለች፤ በድንጋይ ካባው ጀርባ የሚዞር፣ ቤት የማይነካ። ረዘም ስለሚልና ገንዘብ ስለሚጨምር፣ የመጀመሪያውንም የተቃወመ ስላልነበረ፣ ቀርቶ ነበር። «ተቃውሞ ካለ ግን አማራጩን መልሼ ማቅረብ ግዴታዬ ነው» አለች፤ እውነቴን ነው፣ ደስ ያላት ትመስላለች። አዲሱ መንገድ የኳስ ሜዳውን ዳር ይቆርጣል። ወጣቶቹ ተቆጡ፤ ብዙ ጭቅጭቅ ነበር። በመጨረሻ ሜዳው ወደ ወዲያኛው በኩል እንዲሰፋና እንዲደለደል ተስማሙ። እጅ አውጡ ሲባል እኔ መሬት መሬቱን ነው ያየሁት፤ ከዚያ ቁጥሩን ኃላፊዬ አነበበልኝና ጻፍኩ።

የመብራቱም ጉዳይ ተጽፏል። ከተማው የራሱ ትራንስፎርመርና የራሱ መስመር እንዲኖረው፣ ክሊኒኩና ትምህርት ቤቱ ቅድሚያ እንዲያገኙ። ሁሉም ገና ከበላይ አልጸደቀም፤ ምሰሶው ቆሞ ሳላይ ጨርሶ እንደማላምን ለሥራ ባልደረቦቼም ነግሬያቸዋለሁ። ግን እስከዛሬ ስንት ሪፖርት ስጽፍ፣ ከታች የተባለው ከላይ እስኪደርስ ሳይቀየር ሲሄድ ያየሁት ይህ የመጀመሪያው ነው። ሰዉም ተለውጧል። ድሮ መንገድ ላይ ሲያዩኝ አንገታቸውን ያዞሩ የነበሩ አሁን አስቁመው «ያልኩትን ጻፍሽው?» ይሉኛል።

ሁለቱም ንድፎች አብረው ስለሚቀርቡ ያንቺም ቃል ይፈለጋል። ከቢሮው ማኅተም ያለበት ፖስታ ይደርስሻል፤ እንዳትደነግጪ። ክፍሉን በሚመለከት የምትይውን በጽሑፍም በአካልም ማቅረብ ትችያለሽ፤ ደንቡ ሁለቱንም ይፈቅዳል። እኔ የቢሮው ሠራተኛ ስለሆንኩ ይህን በይ፣ ያንን በይ ልልሽ አልችልም። የትኛው ይሻላል ልልሽም አልችልም። አውቶቡሱ ግን አሁን ጠዋትም ከሰዓትም ይነሳል፤ መንገዱም ተጠግኗል፣ ጉልበትሽን እንደ ድሮው አያንገላታም። ይህን የምነግርሽ እንደ ቢሮ ሠራተኛ አይደለም።

እሑድ ዕለት አባዬን ላበስረው ቤት ሄድኩ። ከመንገዱ ስታጠፍ አንድ ነገር ጎደለኝ፤ ቆሜ ምን እንደሆነ አሰብኩ። የመፍጫው ድምፅ ነው። ገብቼ ሳይ ብየዳ ቤቱ የለም። ቆርቆሮው ተነቅሎ አጥሩ ሥር ተደርድሯል፣ ቋሚዎቹ ተቆርጠዋል፣ ማሽኖቹ ተጭነው ሄደዋል። አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ፣ ከጋራዡ ጀርባ ቦታ ተከራይቷል አሉ። አባዬ መሬቱ ላይ ተንበርክኮ አገኘሁት። ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ ያወጣውን ትልቅ ማግኔት በገመድ አስሮ አፈሩ ላይ ይጎትታል፤ የብረት ብናኙ፣ ቁርጥራጩ፣ የመበየጃ ዘንግ ጭራው እየተጣበቀለት ይወጣል፤ ያራግፈዋል፣ እንደገና ይጎትታል። ብዙ ቦታ ጨርሷል። ያለፈበት አፈር ቀለሙ ተለይቶ ያስታውቃል።

«መንገዱ በካባው በኩል ሊዞር እኮ ነው» አልኩት። «ሰምቻለሁ» አለ። «እና ለምን አፈረስከው?» ስለው፣ ቀና ሳይል «የመንግሥት ነገር አይታወቅም፣ ሐሳቡን ይለውጣል። ከወዲሁ መዘጋጀት ነው» አለኝ። መስመሩ አርፎ የነበረው ክፍሉ ላይ እንጂ ብየዳ ቤቱ ላይ አልነበረም። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ሻይ አፍልቼ አመጣሁለት። ከሰዓት በኋላ ስለነበር ፀሐዩ በወዲያኛው በኩል ነው፤ ጠዋት ግን መስኮትሽ ውስጥ እስከ ግድግዳው ድረስ እንደሚገባ ነገረኝ። መስታወቱንም አጥቦታል፤ ዳር ዳሩን ረስቶታል፣ ወንድ አይደል። ሻዩን እየጠጣ አፈሩን ያይና «ቲማቲሙ በየት በኩል ነበር?» አለኝ። «ከአጥሩ ጥግ ነው ወይስ ከመስኮቱ ሥር?» አላውቅም አልኩት። ጎመኑንስ ሲለኝ እሱንም አላውቅም አልኩት። ይህን ሁሉ ዓመት አብረን በልተነው ሁለታችንም የት እንደበቀለ አናውቅም። ብርጭቆውን አስቀመጠና ማግኔቱን አነሳ። ትንሽ ከሄደ በኋላ ጀርባውን እንደሰጠኝ «እስቲ ጠይቂያት» አለ።

ይኸው ጠየቅኩሽ።

እንግዲህ ጉልበትሽን ፈጣሪ ያጽናልሽ፤ እንቅልፍሽን የሰላም፣ ቀንሽን የብርሃን ያድርግልሽ። መልሱን ለእህቴ በስልክ እንዳትነግሪያት፤ ከተማው ሁሉ ከኔ በፊት ይሰማዋል። አድራሻው ያው የድሮው ነው።

ናፍቆትሽን ያልቻለችው፣
ትንሿ ልጅሽ